የጠጪው ሜዳ ቃለ ጉባኤ

ጠብታ የሚለውን ስም ያወጡላት የውሃ መሥሪያ ቤቱ የጥገና ክፍል ባልደረቦቿ ናቸው። በተቀጠረች በሁለተኛው ሳምንት፣ አለቃው ስለ ሥራ ሰዓት ማክበር ረጅም ንግግር ሲያደርግ፣ ከግድግዳው ማዶ የመታጠቢያ ቤቱ ቧንቧ ጠብ ጠብ ሲል ሰማች። ትንሽ ታገሠች። አልሆነላትም። ተነሥታ ወጣች፤ ውሃውን ዘግታ፣ የቧንቧውን ራስ ፈትታ፣ ያለቀችውን ጎማ ቀይራ፣ እጇን በቱታዋ ጠርጋ ተመልሳ ስትቀመጥ አለቃው ገና ስለ ማርፈድ ነበር የሚናገረው። "ይቺ ልጅ ጠብታ ሰምታ አትቀመጥም" ተባለ። ከዚያ ወዲህ የመታወቂያ ስሟን የሚያስታውሰው የሠራተኛ አስተዳደሩ ጸሐፊ ብቻ ነበር፤ እሱም ጡረታ ከወጣ ቆየ።

ይህ ከሠላሳ አራት ዓመት በፊት ነው። አሁን እሷም ለጡረታ የቀራት አሥራ ዘጠኝ የሥራ ቀን ብቻ ነው። የጥገና ክፍሉ ያው ረጅሙ የቆርቆሮ ቤት ነው። በግራ በኩል ቧንቧዎቹ በየስፋታቸው ተደርድረዋል፤ ግማሽ ኢንቹ ከላይ፣ አራት ኢንቹ ከታች። በቀኝ በኩል ዘይት ጠጥቶ የጠቆረው ጠረጴዛ አለ፤ ጫፉ ላይ የታሰረው ማነቆ ቧንቧ ነክሶ የሚይዝበት ጥርሱ ሁለት ጊዜ ተቀይሯል። ወጣቶቹ መጋጠሚያውን በነጭ ቴፕ ጠቅልለው በአንድ ደቂቃ ይጨርሳሉ። እሷ ዛሬም ቃጫ ነው የምትጠቀመው። ቴፕ ለቸኮለ ሰው ነው ትላለች፤ ቃጫ ውሃ ሲነካው ያብጣል፣ ካበጠ ደግሞ ማንንም አያሳልፍም። ይስቁባታል። ፍሳሽ ሲያስቸግራቸው ግን "እትዬ ጠብታ፣ ቃጫዋን ይዘው ይምጡልን" ብለው የሚደውሉት ራሳቸው ናቸው።

ጠብታ የላይ ሰፈር ልጅ ናት። ላይ ሰፈር ማለት ከተማው ሳይመጣ በፊት የነበሩ ሰዎች ሰፈር ነው። ከተማው ከኮረብታው ግርጌ ተቆረቆረ፣ ሰፋ፣ ቀስ እያለ ወደ ላይ ወጣ፤ እነሱ ከነቋንቋቸውና ከነምንጫቸው አናቱ ላይ ቀሩ። ምንጩን የሚጠብቀው ሰው የውሃ አባት ይባላል። ማን መቼ እንደሚቀዳ፣ ልብስ የት እንደሚታጠብ፣ ከብት የት እንደሚጠጣ፣ ሰውስ የት እንደሚጸዳዳ የሚወስነው እሱ ነው። ለዚህ ሁሉ ሥልጣኑ ማኅተም የለውም፤ አንድ ዘንግ ብቻ አለው። ጠብታን ያሳደጓት አጎቷ ሠላሳ ዓመት የውሃ አባት ነበሩ። ከስድስት ዓመት በፊት ሲሞቱ ሰፈሩ ዘንጉን ለሚስታቸው ሰጠ። የመሥሪያ ቤቱ ቅጽ ግን "የውሃ አባት ፊርማ" ስለሚል፣ እማማ ስድስት ዓመት ሙሉ አባት ሆነው ፈርመዋል። "ምን ቸገረኝ፣ ልጅ አልወለድኩ፣ አባት እንኳ ልሁን" ይሉ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ወጣቱ ኢንጂነር በጠረጴዛዋ ላይ ትልቅ ፕላን ዘረጋ። ከመጣ ስምንት ወሩ ነው። ትሑት ልጅ ነው፤ የገዛ እስክሪብቶውን እንኳ ሲጠይቅ "ካላስቸገርኩ" ይላል። ለላይ ሰፈር ገበያና ትምህርት ቤት ባለ አሥራ ሁለት ክፍል የጋራ መጸዳጃ ቤት ሊሠራ ነው። ሐሙስ ከሰፈሩ ሰዎች ጋር ስብሰባ አለ፤ እንደተለመደው እሷ ታስተረጉማለች። ጠብታ መነጽሯን አድርጋ ፕላኑን በጣቷ ተከተለችው። ጣቷ ቆመ።

"ጠጪው ሜዳ ላይ ነው" አለች።

"አዎ። የማስረጊያ ሙከራውን ራሴ ነኝ የሠራሁት፣ እትዬ። ጉድጓድ ቆፍረን ሃያ ሊትር ጨመርንበት፤ አራት ደቂቃ አልቆየም። እንዲህ ያለ መሬት አጋጥሞኝ አያውቅም።"

መሬቱ የሚጠጣው ጥሩ ስለሆነ ሳይሆን ከሥሩ ባዶ ስለሆነ ነው አለችው። ከሥሩ ድንጋዩ የተሰነጠቀ ነው፤ እዚያ የገባ ሁሉ ቁልቁል ሄዶ በምንጩ ይወጣል። ኢንጂነሩ በትዕግሥት ሰማት። የሰፈሩ ሰዎችም በተማሪ ልጆቻቸው አፍ ይህንኑ እንደነገሩት፣ ስንጥቁ የድሮው የመጸዳጃ ጉድጓድ ከተደፈነበት ሲሚንቶ ሥር ስላለ ሲሚንቶው ፈርሶ ይፈተሽ ብለው እንደለመኑት ነገራት። ከዚያ ከመዝገብ ቤት ያስወጣውን ፋይል ገለጠ። ወረቀቱ ጠርዙ ቢጫ ሆኗል።

"ተራ ቁጥር አራት" ብሎ አነበበ። "የመጸዳጃ ጉድጓዱ የሚቆፈርበትን ቦታ በተመለከተ የውሃ አባት ተጠይቀው፣ በቦታው መስማማታቸውንና ደስተኛ መሆናቸውን በአስተርጓሚ ገልጸዋል።"

የሚቀጥለው ገጽ ላይ ደግሞ ጉድጓዱ "በተጠቃሚ ማነስ ምክንያት" ተዘግቷል ይላል። ስለ ሌላ ነገር አንድ ቃል የለም።

"ያኔ የተስማሙበትን አሁን ለምን እንቢ እንደሚሉ አልገባኝም" አለ ልጁ። "መሥሪያ ቤቱ ያፈሰሰውን ሲሚንቶ ለማፍረስ ምክንያት በጽሑፍ ማቅረብ አለብኝ። ሌላ ወረቀት ካለ ያምጡልኝ፤ በወሬ ግን ቦታ መቀየር አልችልም፤ እማማ ካልፈረሙ ደግሞ በጀቱ ለሌላ ሰፈር ይሄዳል።"

ጠብታ ከገጹ ግርጌ ያለውን የአስተርጓሚ ፊርማ አየች። ጅራቱ ረዝሞ የተጠማዘዘ፣ ፊርማ ገና የተማረ ሰው ፊርማ ነው። የራሷ ነው።

ልጁ ሲወጣ ቃጫውን አንስታ የማትፈልገውን መጋጠሚያ ጠቀለለች፤ ፈታችው፤ መልሳ ጠቀለለችው።

ያን ጊዜ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነበር። ከላይ ሰፈር የሙያ ትምህርት ቤት ገብታ የጨረሰች የመጀመሪያዋ ልጅ ናት። ስብሰባው ምንጩ አጠገብ፣ ከትምህርት ቤት በመጡ አግዳሚ ወንበሮች ላይ ነበር። የለበሰችው አዲስ ቱታ እጥፋቱ አልለቀቀም፤ ደረቱ ላይ የመሥሪያ ቤቱ ዓርማ አለ። ዋናው ኢንጂነር ባርኔጣ ስለማያወልቅ የሰፈሩ ሰዎች ባርኔጣው ይሉታል። ስለ ቦታው ጠየቀ፤ እሷ አስተረጎመች፤ አጎቷ ዘንጋቸውን ተደግፈው ተነሡ።

ረጅም ተናገሩ። ሜዳው ይጠጣል አሉ፤ ክረምት ከበጋ ኩሬ ይዞ አያውቅም። ከትልቁ ድንጋይ ሥር ስንጥቅ አለ። አባቶቻችን እህል በተወቃ ቁጥር ምንጩን የሚፈትሹት በእብቅ ነው፤ ደረቁን ከጨመሩት ይንሳፈፍና ከመሬቱ ሥር ባለው ዋሻ ጣሪያ ላይ ይቀራል፤ ስለዚህ አንድ ቀን ሙሉ ነክረው ነው የሚያፈሱት። በደረቅ ወቅት በሦስተኛው ቀን፣ በዝናብ ጊዜ ጠዋት የገባው ቀትር ላይ በምንጩ ይወጣል። ይህንን እያሉ እጃቸውን እንደ ውሃ ከላይ ወደ ታች አወረዱት። አንድ ጊዜ የሕፃን ጫማ ወድቆ በምንጩ እንደወጣ፣ የጫማዋ ባለቤት ግን እግሯ አድጎ አልበቃት እንዳለ ሲናገሩ የሰፈሩ ሰው ሳቀ። ከመሥሪያ ቤቱ ሰዎች አንዱ ሳቁን አይቶ፣ ምን እንደሆነ ሳያውቅ ፈገግ አለ።

ባርኔጣው ሰዓቱን አየ። "ምን ይላሉ?" አላት።

ጠብታ በሙያ ትምህርት ቤት ሦስት ዓመት ሙሉ "የኮረብታዋ" ስትባል ኖራለች። የማስረጊያ ሙከራን ከመጽሐፍ ተምራ ዘጠና ሁለት ነጥብ አግኝታለች። መጽሐፉ ውሃ ቶሎ የሚጠጣ መሬት ለጉድጓድ ተስማሚ ነው ይላል። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ በዚያ አዲስ ቱታ፣ እብቅ፣ ዋሻ፣ የሕፃን ጫማ ብላ ልትጀምር አፏን ከፈተች። ፊቷ ጋለ።

"ተስማምተዋል" አለች። "ደስ ብሏቸዋል።"

ጸሐፊው ጻፈ። አጎቷ ትንሽ አዩዋትና ተቀመጡ።

መጸዳጃው ተሠርቶ ተከፈተ። ዝናቡ በዚያ ዓመት አሥራ አምስት ቀን ቀድሞ መጣ። ዝናቡ በጀመረ በሳምንቱ አሥራ አንድ ልጆች ሆዳቸውን ታመው ጤና ጣቢያ ገቡ። የሞተ የለም። አንዷ ግን፣ የጎረቤታቸው የመጨረሻ ልጅ፣ ዘጠኝ ቀን ዓይኗን ሳትገልጥ ተኛች። ጠብታ በየቀኑ ከሥራ ስትወጣ ሾርባ ይዛ እየሄደች ከአልጋዋ ጫፍ ትቀመጥ ነበር። ልጅቷን ነው የምትጠብቀው ወይስ ራሷን፣ አልለየላትም።

አጎቷ አልተናገሩም። ሦስት ጆንያ እብቅ ነክረው፣ ባርኔጣውን ጠርተው፣ በራሱ ፊት ጉድጓዱ ውስጥ አፈሰሱት። ምንጩ አፍ ላይ ነጭ አቡጀዴ ወጠሩ። ቀትር ላይ ጨርቁ እህል እንደተወቃበት አውድማ ሆነ። ባርኔጣው ለመጀመሪያ ጊዜ ባርኔጣውን አወለቀ። በሳምንቱ መጸዳጃው ፈረሰ፤ ጉድጓዱና ስንጥቁ በሲሚንቶ ተደፈኑ፤ ፋይሉ ላይ "በተጠቃሚ ማነስ" ተብሎ ተጻፈ። ባርኔጣው "ነገሩ እዚሁ ይቅር" ብሏት ብዙም ሳይቆይ ወደ ሌላ ከተማ ተዛወረ። እዚያው ቀረ። ላይ ሰፈር ውስጥ ደግሞ ታሪኩ እንደ ሲሚንቶው ደረቀ፤ ባርኔጣው የአባታችንን ቃል ንቆ ቆፈረ፣ ልጆቻችንን አሳመመ። ሠላሳ ምናምን ዓመት ስሙ ሲነሣ ተረግሟል። እሷ እዚያው ተቀምጣ ሰምታለች። የከተማውን ፍሳሽ ሁሉ ስትደፍን ኖራ ይህንን አንዱን አልነካችውም።

ከዚያ በኋላ የመጡት ዓመታት ግን ደጎች ነበሩ። መሥሪያ ቤቱ ደንግጦ የውሃ አባትን ኮሚቴ ውስጥ አስገባ፤ ያለ እሳቸው ፊርማ ከምንጩ በላይ አካፋ አይነሣም ተባለ። አዲሱ መስመር ሲዘረጋ አጎቷ ከፊት በዘንጋቸው መሬቱን እየመቱ ይሄዳሉ፣ እሷ ከኋላ ችካል እየተከለች ትከተላለች። ድምፁ ከተለወጠባቸው ይቆማሉ፤ እሷም ታጥፋለች። እሷ የምንጩን ኃይል የምትለካው በባልዲና በሰዓት ነው። እሳቸው ገንቦ ደቅነው የመቅጃ ዜማ ያዜማሉ፤ ገንቦው ሦስተኛው ስንኝ ላይ ከሞላ ምንጩ ጤነኛ ነው፣ አራተኛው ላይ ከደረሰ ቁጠባ ይታወጃል። አንድ ቀን ተወዳደሩ፤ እሷ በወረቀት ደምራ አካፍላ ስትጨርስ እሳቸው ገንቦውን ለባለቤቱ መልሰው ተቀምጠዋል። "የኔ ሰዓት ባትሪ አይበላም" አሏት። ማቆሚያ ቁልፉን መዝጋት ያስተማረቻቸው ጊዜ ደግሞ እንደ ሕፃን ደስ አላቸው፤ ከፍተው ይዘጋሉ፣ ዘግተው ይከፍታሉ፣ ታች ከተማው ውሃ መጣ ሄደ እያለ ይደውላል። በእነዚያ ዓመታት ብዙ ጊዜ ልትነግራቸው አፏ ላይ ደርሶ ያውቃል። ሁልጊዜ አንድ የሚጠብቅ ብሎን ይገኝ ነበር።

ሰኞና ማክሰኞ ሌላ መውጫ ፈለገች። መሬቱ ለመኪና አይመችም ብትል ይመቻል። ለትምህርት ቤቱ ይርቃል ብትል መቶ ሜትር ነው። ረቡዕ ማታ ከእራት በኋላ የመሥሪያ ቤቱን ባለ መስመር ወረቀት አወጣች። ሰባት መስመር ጻፈችና በእጥፉ ቱታዋ ኪስ ውስጥ ከተተችው።

ሐሙስ ስብሰባው የተደረገው በትምህርት ቤቱ አንድ ክፍል ውስጥ ነው። አዋቂዎቹ የልጆች ዴስክ ላይ ጉልበታቸው አልገባ ብሎ በጎን ተቀምጠዋል። እማማ ከፊት፣ ዘንጉ ጭናቸው ላይ። ንግግራቸው እንደ ባላቸው አልረዘመም።

"ሜዳው ይጠጣል። ባሌ ነግሯችኋል። ሌላ ቦታ ፈልጉ።"

ጠብታ ቃል በቃል አስተረጎመች። ኢንጂነሩ በአክብሮት ፋይሉን ከፈተ። "እማማ፣ ይቅርታ ይደረግልኝና፣ መዝገቡ ላይ ባለቤትዎ በቦታው ተስማምተው ነበር ይላል።"

ወደ ጠብታ ዞረ። ሁሉም ወደ ጠብታ ዞረ። ይህን አስተረጎመች ማለት ነገሩ ወጣ ማለት ነው። አሁንም እንደ ያኔው በሁለት ቃል ማለፍ ትችላለች፤ 'ይታሰብበታል ይላል' ብትል የሚያውቅባት የለም። አሥራ ስድስት የሥራ ቀን ቀርቷታል።

ወደ እማማ ዞራ በገዛ ቋንቋቸው፣ "'ባለቤትዎ በቦታው ተስማምተው ነበር፣ ወረቀት ላይ አለ' ነው የሚለው" አለች። ከዚያ የራሷን ቀጠለች። "ወረቀቱ ላይ እንደዚያ አለ። ውሸት ነው። የኔ ውሸት ነው። ጋሼ ያን ቀን ሁሉን ተናግረው ነበር። እብቁን፣ ስንጥቁን፣ ሁሉን። እኔ አፍሬ ተስማምተዋል ብዬ አለፍኩት። ባርኔጣው ምንም አልሰማም ነበር።"

ከዚያ ያንኑ በኢንጂነሩ ቋንቋ ደገመችው። ያው ነገር ሁለት ጊዜ ሲባል ሁለተኛው ይቀላል ይባላል። አይቀልም።

ከኋላ ዴስክ አንድ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ሰውዬውን ሠላሳ ዓመት በከንቱ ስንረግመው ኖረን" አሉ። "ለካስ የገዛ ልጃችን ኖራለች።"

በመስኮቱ አጠገብ የተቀመጠች ሴት፣ ያኔ ዘጠኝ ቀን የተኛችው ልጅ እናት፣ ጠብታን ሳይሆን እጆቿን እያየች ተናገረች።

"ሾርባ ይዘሽ ትመጪ ነበር።"

"አዎ።"

"ጠጥታዋለች" አለች ሴትዮዋ። ከዚህ የባሰ ነገር ብትላት ለጠብታ ይሻላት ነበር።

ኢንጂነሩ ካላስቸገረ ይህንን በጽሑፍ ትሰጠው እንደሆነ ጠየቃት። ከኪሷ አውጥታ ሰጠችው። አንብቦ ጨርሶ ፋይሉ ውስጥ፣ ቢጫው ወረቀት ላይ ደርቦ አስቀመጠው። "ሲሚንቶውን ለማፍረስ ይበቃኛል" አለ።

ቅዳሜ ጠዋት አራት ሰው በዲጂኖና በመዶሻ ሲሚንቶውን ሰበረው። ያኔ የተፈሰሰው በደንብ ነበር፤ ሁለት ሰዓት ፈጀ። ከሥሩ ስንጥቁ እንደነበረ ነው፤ ክንድ የሚያስገባ፣ ቀዝቃዛ ትንፋሽ ያለው። ሦስት ጆንያ እብቅ ከአርብ ጀምሮ በበርሜል ተነክሮ አድሯል። ኢንጂነሩ እጅጌውን ሰብስቦ ራሱ አፈሰሰው፤ የመሥሪያ ቤቱ ቦቴ አምስት ሺህ ሊትር ከኋላው ለቀቀበት። ስንጥቁ አንድም አላስተረፈም። ምንጩ አፍ ላይ አቡጀዴ ተወጠረ፤ ሰፈሩ ለሦስት ቀን የሚጠጣውን ከታች በቦቴ ተቀበለ።

ወቅቱ ደረቅ ስለሆነ ቶሎ አይመጣም። እሑድ ምንም የለም። ሰኞ ከቀትር በኋላ ኢንጂነሩ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ በየሰዓቱ ደብተሩ ላይ "የለም" እያለ ይጽፋል። ጠብታ ከእማማ አጠገብ ጨርቁን እያየች ተቀምጣለች። ከሐሙስ ወዲህ እማማ አላነጋገሯትም ነበር።

"ቋንቋቸውን ያውቅ ነበር እኮ" አሉ እማማ፣ ድንገት።

"ማን?"

"ማን ይሆናል፤ አጎትሽ። በወጣትነቱ ሰባት ዓመት ታች ግንበኛ ነበር። የከተማውን ቋንቋ ከነስድቡ ነው የሚያውቀው። ሲያረጅ ነው የተወው። 'የማላውቅ ሲመስላቸው ፊት ለፊቴ ያወራሉ' ይል ነበር።"

ጠብታ ዓይኗን ከጨርቁ አነሣች። "ያን ቀን... ሰምተውኛል ማለት ነው?"

"ሰምቶሻል እንጂ። ቤት ሲመጣ 'ልጅቷ አሳጠረችኝ' አለኝ።" እማማ ዘንጉን ከአንዱ ጭናቸው ወደ ሌላው አዛወሩት። "ታዲያ ለምን ዝም አልክ ስለው፣ 'በሰው ፊት ባርማት ሁለተኛ በሰው ፊት አፏን አትከፍትም፤ የሚያሻግረን ደግሞ ሌላ የለንም። መጸዳጃው የሚከፈተው ከዝናቡ በኋላ ነው ብለውኛል፤ እስከዚያ እብቄን ነክሬ ሰውዬውን ብቻውን አሳየዋለሁ' አለ። እነሱ ቀድመው ከፈቱት። ዝናቡም ቀደመ። ያን ቀን ደጅ ቆሞ ዝናቡን ሲያይ ካፖርቱን እንኳ አልደረበም። ልጆቹን ያሳመምኳቸው እኔ ነኝ እንዳለ ነው የሞተው።"

"ለምን አልነገሩኝም?"

"አንቺስ ለምን አልነገርሽውም?"

ውሃው ጨርቁን እየገፋ ያልፋል። እሷና አጎቷ ሃያ ስምንት ዓመት አብረው ቧንቧ ዘርግተዋል፤ አንዱ ከፊት፣ አንዷ ከኋላ፣ ያንኑ ሸክም በየፊናቸው ተሸክመው። ጠብታ ይህንን ስታስብ ሳቅ መጣባት፤ ሳቁ መንገድ ላይ ተበላሸና ዓይኗን በእጅጌዋ ጠረገች። እማማ አላዩም፤ ወይም አላየሁም አሉ።

"ያውልሽ" አሉ።

ጨርቁ ላይ አንዲት እብቅ ተለጥፋለች፤ ከጥፍር ያነሰች፣ ውሃ ያወፈራት። ከዚያ ሁለት ሆኑ። ከዚያ ማን ይቆጥራል። ኢንጂነሩ ደብተሩን ጥሎ ተንበረከከ፤ የመጀመሪያዋን በጣቱ አነሣት፤ በሸሚዙ አደረቃት፤ "የለም" በሚለው የመጨረሻ መስመር ሥር በማጣበቂያ ለጠፋት። ሰዓቷን ጻፈባት። ስንት ሰዓት እንደፈጀች ሲደምር እማማ ጠበቁትና፣ "ሦስተኛው ቀን ብዬሃለሁ" አሉት። ጠብታ አስተረጎመች።

አዲሱ ቦታ ከምንጩ በታች፣ ከዘነበ ውሃ ሳምንት በሚተኛበት ጥቁር አፈር ላይ ሆነ። የማስረጊያ ሙከራውን ወደቀ፤ ስለዚህ ጉድጓዱ ውሃ እንዳያሰርግ ተገንብቶ የተለሰነ፣ በመኪና የሚመጠጥ እንዲሆን ተወሰነ። ችካሎቹን የተከለችው ጠብታ ናት፤ እማማ ከፊት በዘንጉ መሬቱን እየመቱ። አንዳንድ ሰው ከስብሰባው ወዲህ ሰላምታውን አሳጥሮባታል። የልጅቷ እናት ግን አንድ ጠዋት፣ ጠብታ አራተኛውን ችካል ስትመታ፣ በመንገዷ ላይ ቆማ መትታ እስክትጨርስ አየቻት፤ ራሷን ነቀነቀችና ሄደች። ያ መነቅነቅ ምን ማለት እንደሆነ ጠብታ እስካሁን አላወቀችም።

የመጨረሻዋ ቃለ ጉባኤ በሥራዋ የመጨረሻ ሳምንት፣ ምንጩ አጠገብ፣ ከትምህርት ቤት በመጡ አግዳሚ ወንበሮች ላይ ተፈረመች። አራት ገጽ ናት፤ ሦስተኛው ገጽ ላይ እብቋ አለች። እማማ ከመፈረማቸው በፊት ይነበብልኝ አሉ።

"ዋና ዋናውን ልንገርዎት?" አለች ጠብታ፣ እየቀለደች።

"ሳታሳጥሪ።"

ከርዕሱ ጀምራ በገዛ ቋንቋቸው ታነብላቸው ጀመር፤ ቀኑን፣ የተገኙትን ሰዎች፣ አፈሩን፣ ስንጥቁን፣ የእብቁን አነካከር። ፀሐይ ከወንበሩ ላይ ፈቀቅ አለች። ኢንጂነሩ ሰዓቱን ሊያይ እጁን አነሣ፤ እማማ ሲያዩት እጅጌውን ጎትቶ ሸፈነው። ከበስተኋላ የሰፈሩ ቦኖ ውሃ ጠብ ጠብ ማለት ጀምሯል፤ አንዱ በደንብ አልዘጋውም። ጠብታ ሰምታዋለች። መፍቻዋም ኪሷ ውስጥ ነው። መጀመሪያ ግን ተራ ቁጥር አራትን ጨረሰች።